አገር የመረጠው ለቅሶ

አልታየሽ ከእናቷ የወረሰችው ሁለት ነገር ነው፤ አፍንጫዋንና ጉሮሮዋን። አፍንጫውን የፈለገ ሰው አይቶ መመስከር ይችላል። ጉሮሮውን ግን በደንብ የሚያውቁት ለንደን ውስጥ ስቶክዌል ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሚማሩ ሕፃናት ነበሩ። እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ምሳ የምታድለው እሷ ናት። «ኔክስት!» ስትል ድምፅዋ አዳራሹን ሰንጥቆ ይወጣና ሜዳ ላይ ኳስ የሚያንከባልለውን ልጅ ሰሃን አስይዞ ይመልሰዋል። ሴትዮዋ ግን ቁጡ አይደለችም። ድንች የማይወደውን ልጅ ለይታ ታውቀዋለች፤ አለቃዋ ዞር ስትል ፓስታ ትጨምርለታለች።

እናቷ ውባንቺ የተጉለት አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት «ውባንቺን ጥሯት» ይባላል። ሟቹን በሕይወቱ አይታው ባታውቅ እንኳ ደግነቱን፣ ቁመናውን፣ ያረሰውን መሬት ሳይቀር እየጠራች ለቀስተኛውን ሁሉ እንባ በእንባ ታደርገዋለች። አልታየሽ ከጎኗ እየተቀመጠች ዜማውን ለመደችው። ዜማው ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ ድምፁ ሽቅብ ይወጣና እዚያ ላይ ቆም ይላል፣ የጠፋበትን ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ እንደሚፈልግ። የሟቹ ስም የሚገባው እዚያ ላይ ነው። ውባንቺ ልጇን ስታስተምር በዚያ ቦታ የምትጠራው ድሮ የሞቱ ቅድመ አያቷን ነበር። አንድ ቀን አልታየሽ ለቀልድ የጎረቤታቸውን ልጅ ስም ብታስገባበት እናቷ አፏን በመዳፏ ከደነችባት። «የቁም ሰው ስም አይገባበትም» አለቻት። «ይህ ዜማ የሰጡትን ስም ይዞ ይሄዳል፤ ሰውየውን ሳያገኝ አይመለስም።» አልታየሽ ያን ጊዜ ፈራች። ኋላ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎም ለንደን ስትገባ እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ የባላገር ወሬ አድርጋ ተወችው። ለንደን ደግሞ የአገር ቤትን ነገር በማስረሳት አንደኛ ናት፤ ኪራዩና ዝናቡ ብቻ ይበቃል።

ባሏ ኪዳኔ አውቶቡስ ይነዳል። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። በዚህ ሁለቱም ብዙ አዝነው ኖሩና ሐዘኑ ሲያረጅ አንዱ ለሌላው ልጅ ሆነ። እሱ ካልመጣ እሷ እራት አትበላም፤ እሷ ካልተኛች እሱ ቴሌቪዥን አያጠፋም። «ኪዳኔ» የሚለው ስም በቀን ስንቴ ከአፏ እንደሚወጣ እሷም አታውቀው። ቁልፍ ሲጠፋባት እንኳ የምትጠራው እሱን ነው።

ነገሩ የመጣው በዕድር በኩል ነው። በዕድራቸው ውስጥ እትዬ ጌጤነሽ የሚባሉ ሴት አሉ፤ እሳቸውም የተጉለት ሰው ናቸው፣ ዌምብሊ ይኖራሉ፣ ጴንጤ ናቸው። ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ የዓለም ዘፈን ጆሯቸው እንዳይገባ ይጠነቀቃሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሙዚቃ ከጮኸ ሸመታቸውን ትተው ይወጣሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ታዲያ አንድ ልጃቸው ቤንጃሚን ዘፈን ደራሲ ሆኖ አረፈው። ብሪክስተን፣ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ካሉት ቅስት ቤቶች አንዱን ተከራይቶ ስቱዲዮ ከፍቷል። ሠላሳን ያለፈ፣ ሳቂታ፣ አማርኛው ግማሽ መንገድ ላይ የሚደክምበት ልጅ ነው።

በዚያ ዓመት አገሪቱ ለአውሮፓ የዘፈን ውድድር የምትልከውን ዘፈን በሕዝብ ድምፅ ልትመርጥ ነበር። ቤንጃሚን አንዲት እንግሊዛዊት ዘፋኝ ይዞ ለመወዳደር ተነሣ። ዘፈኑ አልቋል፤ መሃሉ ላይ ብቻ ቃል የሌለው ባዶ ቦታ ቀርቷል። ዘፋኟ እስክትመጣ ቦታውን የሚይዝለት ድምፅ ፈለገ። በአንድ ሰርግ ላይ አልታየሽ ስታዜም ሰምቶ ነበርና ጠራት።

«አንቲ አልታየሽ፣ እዚህ ጋ ኖ ወርድስ» አላት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እያስተካከለ። «የመጣልሽን ሲንግ አድርጊ። ላላላም ይሆናል። ዘፋኟ ኋላ እሱን ኮፒ ታደርጋለች።»

ልክ ልትጀምር ስትል ኪዳኔ ደወለ። ደጅ ቆሟል፤ መኪና ማቆሚያ የለም፤ ቅጣት ሳይለጥፉበት ቶሎ እንድትወጣ ይለምናታል። «መጣሁ ኪዳኔ» ብላ ስልኩን ዘጋችና ዓይኗን ጨፈነች። ምን እንደምትዘፍን አላሰበችም። ከላይ ባቡር እያለፈ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። የሙዚቃው ዝግታ ጎትቷት ይሁን የክፍሉ ጨለም ማለት፣ ብቻ ከጉሮሮዋ የወጣው የውባንቺ ለቅሶ ሆነ። ከተጉለት ከወጣች ጀምሮ አዚማው አታውቅም ነበር። ዜማው ሽቅብ ወጥቶ ስም ፈልጎ ሲቆም፣ አፏ የለመደውን ስም ሰጠው። «ኪዳኔ» አለች፤ ደግማም አለች።

ስትጨርስ ባቡሩ አልፎ ነበር። ቤንጃሚን ክንዱን ያሻሻል፤ ፀጉሩ ቆሟል። «ዋው» አለ ቀስ ብሎ። «ምንድን ነው ይሄ? መቼ ነው የሚዘፈነው?»

አልታየሽ ለቅሶ ነው ማለት አፈረች። የልጁ ፊት በርቷል፣ ባሏ ደጅ እየጠበቃት ነው። «ሰው ሲሰበሰብ ነው» አለችው። ውሸት አይደለም፤ እውነቱ ግን ያ አልነበረም።

ዘፈኑ ለመጨረሻው ዙር ካለፉት አንዱ ሆነ፤ ሬዲዮውም ያዘው። የቀረውን ግጥም ማንም አላስታወሰው። ሰው ሁሉ የያዘው ያችን መሃል ላይ ያለችውን ዜማ ነበር። አውቶቡስ ሲጠብቅ ያንጎራጉራታል፣ ፀጉሩን ሲስተካከል ያፏጫታል። ኪዳኔ መጀመሪያ ላይ ደረቱን ነፋ። «በቁሙ እንዲህ የተዘፈነለት ሰው አሳዩኝ!» ይላል በሄደበት ሁሉ። አልታየሽ እየሳቀች ትሰማዋለች፤ ሳቋ ግን ከከንፈሯ አያልፍም።

አንድ ቀን ምሳ ስታድል አዳራሹ ድንገት ጸጥ አለ። ሕፃናት ባሉበት ጸጥታ ደግ አይደለም። ቀና ስትል ትሪያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። አንዱ ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ከዚያ ሰልፉ በሙሉ በቀጭን ድምፅ «ኪዳኔ፣ ኪዳኔ» ማለት ጀመረ። አልተሳሳቁም፣ አልተገፋፉም። እንደሚዘፍኑ ያወቁትም አይመስሉም፤ ዓይናቸው ሾርባው ላይ ነው። አልታየሽን ይበልጥ ያስፈራት ደግሞ አቀባበላቸው ነበር። ልክ እንደ ተጉለት ለቀስተኛ፣ የመሪውን ድምፅ ትንፋሹ ሳያልቅ ወስደው፣ ዝቅ አድርገው ነው የሚመልሱት። ይህን ማንም አላስተማራቸውም። ጭልፋው ከእጇ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ በኪዳኔ ላይ ነገር መጣ። ሲጀመር ተራ ነገር ነው፣ የሚያስቅም። የሱፐርማርኬቱ በር ፊቱ ቆሞ ሳለ አልከፈት አለው፤ ሌላ ሰው እስኪመጣ ጠብቆ ተከትሎ ገባ። በእረፍት ቀኑ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አንዲት ሴት መጥታ ጭኑ ላይ ቁጭ አለች። «ሶሪ፣ ሰው ያለ አልመሰለኝም» ብላ ደንግጣ ተነሣች። ይህን ቤት መጥቶ ሲያወራው ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቀጥሎ ሥራ ቦታ ተራ ከሚወጣበት ሰሌዳ ላይ ስሙ ጠፋ። ተናግሮ አስገቡለት፤ በማግስቱ እንደገና ጠፋ። ቀጥሎ የልብ ጓደኛውን ሐብታሙን መንገድ ላይ ሰላም ቢለው፣ ሐብታሙ እንዳላየ ሆኖ አለፈው። ኪዳኔ መሳቁን ተወ። «ከኋላዬ ይጠሩኛል፣ አልትዬ» አላት አንድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ። «አንድ ሰው አይደለም፣ ብዙ ናቸው። ዞር ስል ማንም የለም። ድምፃቸው ደግሞ አያስፈራም፤ ሂድ ሂድ ይለኛል።»

ቁርጡን ያወቀችው በዚያው ቀን ከሥራ ተመልሳ ቤት ስትገባ ነው። «ኪዳኔ!» ብላ ተጣራች። መልስ የለም። ኮቱ ተሰቅሏል፣ ጫማው በር ላይ አለ። ሳሎን አየች፣ መኝታ ቤት አየች፣ ኩሽና ገብታ ውሃ ቀድታ ጠጣች። ብርጭቆውን ስታስቀምጥ ከጠረጴዛው ማዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አየችው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ከገባሽ ጀምሮ እኮ እያናገርኩሽ ነው» አላት። አልታየሽ ሄዳ ተጠመጠመችበት። ገላው ደጅ ያደረ ዕቃ ይመስል ቀዝቅዟል። ያን ጊዜ የእናቷ ቃል እንዳለ መጣባት፤ የአገር ቤት ወሬ ነው የምትልበት አቅም አልነበራትም።

በማግስቱ ከሥራ ቀርታ ብሪክስተን ሄደች። ኪዳኔን ብቻውን ቤት መተው ስለፈራች እሱ ራሱ አደረሳትና መኪናው ውስጥ ቀረ። ስቱዲዮ ውስጥ ዘፋኟም ነበረች፤ ለመጨረሻው ምሽት አዲስ ቅጂ ሊቀርጹ ተዘጋጅተዋል።

«ቤንጃሚን ልጄ፣ ያን ስም አውጣልኝ» አለችው። «የባለቤቴ ስም ነው።»

«አውቃለሁ፣ ስዊት ነው እኮ!»

«አልወደደውም። አመመው። በእናትህ አውጣልኝ።»

ቤንጃሚን ፊቷን አይቶ ሳቁን ዋጠ። ደግ ልጅ ነው፤ ኋላ ያንገበገባትም ይኸው ደግነቱ ነው። «ኦኬ፣ እንቀይረዋለን» አለ። «ባዶ ግን መሆን አይችልም። ሰው የወደደው እሱን ነው። ሌላ ስም ስጪኝ።»

አልታየሽ መንገዱን ሁሉ ስታስብበት ነበር። የሞተ ሰው ስም ማንንም አይጎዳም። «ውባንቺ በለው» አለች። «እናቴ ናት፣ ዐርፋለች።»

ዘፋኟ ማዳመጫውን አጥልቃ ሞከረች። ልጅቱ ጥሩ ጆሮ አላት፤ ስሙን ለብቻው ስትጠራው እንከን አይወጣላትም። ዜማው ላይ ስትደርስ ግን «ውባ» ብላ ትጀምርና «ኪዳኔ» ብላ ትጨርሳለች። ደገሙት። እንደገና ደገሙት። ልጅቱ ጭንቅላቷን ይዛ፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ ብላ ልታለቅስ ደረሰች። አልታየሽ ያን ጊዜ ገባት። ውባንቺማ በወጉ ተለቅሶላታል። ዜማው የተለቀሰለትን ሰው ምን ያደርግለታል? የሚፈልገው ገና ያልተለቀሰለትን ነው።

«የኔን ብናደርገውስ?» አለ ቤንጃሚን፣ ዘፋኟን ሊያጽናና እየሳቀ። «ቤንጃሚን! አገር በሙሉ ስሜን ሲዘፍን ኢማጅን አድርጊ!»

ዘፋኟ ለቀልድ ያህል፣ ያለ ማዳመጫ አዜመችው። አንዴም አልተሰናከለችም። ስሙ ቦታው ላይ ቁጭ አለ።

«ፐርፌክት!» አለ ቤንጃሚን። «አንቲ፣ መጀመሪያ አንቺ አዚሚልኝ፤ እሷ ከአንቺ ትስማው። ያንቺ ድምፅ ሲቀድም ነው የሚሠራው።»

አልታየሽ አፏን ከፈተች። ልትነግረው ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ ልትነግረው ነበር። ልጄ ይህ ለቅሶ ነው፣ የቁም ሰው አይገባበትም የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል። በጠባቡ መስኮት ግን መኪናው ይታያታል። የሾፌሩ ወንበር ባዶ መሰላት። ዓይኗን ጠራርጋ እንደገና አየች፤ ባዶ ነው። ማዳመጫውን አንሥታ አጠለቀች። ከዚያ የእትዬ ጌጤነሽን ልጅ፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ አውራ ጣቱን እያሳያት፣ ስሙን ጠርታ አለቀሰችው።

ስትወጣ ኪዳኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳንድዊች ይበላል። «ምን ቆየሽ? ራበኝ እኮ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ተመለሰ። በሩ ይከፈትለታል፣ ስሙ ሰሌዳው ላይ ይውላል፤ ሐብታሙም ደውሎ «የት ጠፋህ አንተ?» አለው። አልታየሽ አብራው በላች፣ ሳቀች፣ ስለትም አስገባች። ሬዲዮ ላይ አዲሱ ቅጂ ሲመጣ ግን ተነሥታ ታጠፋዋለች።

በዕድሩ ስብሰባ ላይ እትዬ ጌጤነሽ አጠገቧ ተቀምጠው ስለ ልጃቸው አነሡ። «ሰሞኑን ልጄ ግራ ገባኝ» አሏት። «በር ይንኳኳል፣ ስከፍት ማንም የለም፤ ዘግቼ ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ‹መቼ ገባህ?› ስለው ‹ማሚ፣ አንቺ እኮ ነሽ የከፈትሽልኝ› ይለኛል። እርጅና ይሆን?»

«ድካም ነው እትዬ፣ ዕረፍት ያድርጉ» አለች አልታየሽ። ለቤንጃሚን ነገ እነግረዋለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ የኪዳኔን ፊት ታያለች፣ ወዝ ይዟል፤ ዝም ትላለች። የቤንጃሚን ስም ከወጣ ዜማው ወደ ማን እንደሚመለስ ታውቃለች። ሊፈርድባት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ነው። የራሱ ሰው ፊቱ ተቀምጦ እያናገረው አለመስማት ያልደረሰበት ግን አይፍረድባት።

የምርጫው ምሽት ቅዳሜ ነበር። ቤንጃሚን፣ ካሜራ ፊት የምትቆመው ዘፋኟ ናትና እኔ ከእናቴ ጋር አየዋለሁ አለ። እትዬ ጌጤነሽ ስንት ዓመት ዘፈን አልሰማም ብለው ቢኖሩም «ለዛሬ ብቻ፣ ለልጄ ስል ነው፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ» ብለው ተስማሙ። ዘፈኑን እስከዚያች ሰዓት አንድም ቀን አልሰሙትም። የዕድሩ ሰው ዌምብሊ እሳቸው ፍላት ተሰበሰበ። አልታየሽ ልትቀር ነበር፤ ኪዳኔ ግን «የኛው ዘፈን እኮ ነው!» ብሎ ጎትቶ ወሰዳት።

ቤንጃሚን ሰሃን ይዞ በሰው መሃል ሊያልፍ ሲሞክር አየችው። «ኤክስኪዩዝ ሚ» ይላል፤ የሚያሳልፈው የለም። ቢቸግረው ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የዕድሩ ዳኛ ዘርይሁን ሊቀመጥ ሲል ላዩ ላይ ሊቀመጥበት ትንሽ ቀረው። ቤንጃሚን ሾልኮ ወጣና አጠገቧ መጣ። ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ገብቷል። «አንቲ» አላት ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ «ዛሬ ያየሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።» አልታየሽ ወለሉን አየች።

ተራቸው ደረሰ። ቤቱ አጨበጨበ። ዘፋኟ ነጭ ለብሳ ወጣች፤ እንግሊዝኛው አለፈ። መሃሉ ላይ ሲደርሱ መድረኩ ጨለመ፣ ዜማው ሽቅብ ወጣ፣ ቆመ። «ቤንጃሚን» አለች። አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤንጃሚን» ብሎ ተቀበላት።

እትዬ ጌጤነሽ የያዙት ብርጭቆ ወደቀ። ይህን ዜማ በልጅነታቸው ስንት ሜዳ ላይ ቆመው ሰምተውታል፣ ተቀብለውታል። ቀስ ብለው ዙሪያቸውን አዩ። የዕድሩ ዳኛ አለ። ሴቶቹ ጥግ ይዘዋል። ቤታቸውን ረግጠው የማያውቁ ሁሉ መጥተዋል። የኛ ሰው ሞትን በስልክ አያረዳም፤ ተሰብስቦ ቤትህ ድረስ ይመጣል። እሳቸውም እንዲህ ተሰብስበው ስንቱን አርድተዋል።

«ለዚህ ነው የመጣችሁት?» አሉ። «ልጄ ሞቶ ነው?»

ማንም አፉን ሳይከፍት ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸውን ታጠቁ፣ ደረታቸውን መቱ። ለስንት ዓመት ከመዝሙር በቀር የማያውቀው ድምፃቸው ለቅሶውን ከቴሌቪዥኑ ነጥቆ አወረደው። ቤንጃሚን ተጋፍቶ ደርሶ ትከሻቸውን ያዘ። «ማሚ! ማሚ፣ እዚህ ነኝ! ሉክ አት ሚ!» እናቱ ብርድ እንዳገኘው ሰው ትከሻቸውን ሰበቁ እንጂ ዞር አላሉም። በጎኑ አልፈው ወደ አልታየሽ መጡ።

«አንቺ ታውቂበታለሽ» አሏት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው። «እኔ አቅም የለኝም። ልጄን በወጉ አልቅሺልኝ።»

አገሪቱ በዚያች ምሽት የመረጠችው ያን ዘፈን ነው፤ በዚያ ቤት ግን ውጤቱን ያየ አልነበረም። አልታየሽ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻለችም። ስለ ኪዳኔ እንኳ አላሰበችም። «ኧረ አልሞተም እትዬ!» ብላ ጮኸች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ! ይኸው፣ አጠገብዎ ቆሞ የለም?» በጣቷም አሳየች። ቤንጃሚን እያለቀሰ ነበር፤ ይህን ሲሰማ ተስፋ አድርጎ ቀና አለ።

ሰው ሁሉ ጣቷን ተከትሎ አየ። ኪዳኔም አየ፤ ዓይኑን አጥብቦ ከሶፋው እስከ መስኮቱ በደንብ ፈለገ።

«የታለ፣ አልትዬ?» አላት።